ወንበሩ ባዶ ሲሆን ማን ይቀመጣል?

(ድርጅትን ለኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ስለ ማዘጋጀት ለባለቤቶችና ለሥራ አስኪያጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የድርጅት ባለቤቶች፣ ሥራ አስኪያጆች፣ እንዲሁም አለቆቻችሁ «እኔ አይመቸኝም፣ አንተ ሂድልኝ» ብለው የላኳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! የተላካችሁትን በተለየ ደስታ ነው የምቀበላችሁ፤ ዛሬ የምናገረውን በተግባር የምትሠሩት እናንተ ናችሁና።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት እጃችሁን ላስቸግር። በሥራ ቦታው የእሳት ማጥፊያ የሰቀለ እጁን ያውጣ። ሁላችሁም ማለት ይቻላል። እሺ፣ አውርዱ። አሁን ሁለተኛው ጥያቄ። ደመወዝ የሚሠራላችሁ የሒሳብ ሠራተኛ ዛሬ ማታ ታምሞ ለሦስት ሳምንት ቢተኛ፣ በወሩ መጨረሻ ደመወዙን የሚሠራውን ሰው ስም አሁን፣ እዚሁ እንደተቀመጠ ሊነግረኝ የሚችል እጁን ያውጣ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት። ከኋላ ያሉት ሁለት ሰዎች እያመነቱ ግማሽ እጅ አውጥተዋል፤ ግማሽ ግማሽ አድርጌ ቆጥሬያቸዋለሁ።

አያችሁ? ለእሳት ተዘጋጅተናል። እሳት ሕንፃ ይበላል፣ ማሽን ይበላል፤ ሰዉ ግን በር ከፍቶ ይወጣል። ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። ሕንፃው እንዳለ ይቆማል። ማሽኑ እንዳለ ይቆማል። መብራቱ ይበራል። ሰዉ ግን የለም። የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከድርጅት የሚወስደው ሰውን ነው፤ ሰዉ ጭንቅላት ውስጥ ያለውንም አብሮ ይወስዳል። እኔ ዛሬ የምለው ነገር ቢኖር ይኸው አንዱ ነው፤ የቀረው ሁሉ የእሱ ማብራሪያ ነው።

በመጀመሪያ አንድ የስም ነገር እናጥራ። እኛ አፍንጫ ሲያፈስም «ጉንፋን» እንላለን፣ ሰው ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ሲወድቅም «ጉንፋን» እንላለን። ይህ የቃል መደራረብ ብዙ ሥራ አስኪያጅ አሳስቷል። «ለጉንፋን ደግሞ ምን ዝግጅት ያስፈልጋል?» ያሉኝ ሰዎች አሉ። ተራው ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ የተለያዩ ቫይረሶች የሚያመጧቸው በሽታዎች ናቸው። ኢንፍሉዌንዛ ብዙውን ጊዜ በድንገት ይመጣል፤ ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ ትኩሳት ይዞት፣ ጡንቻው ሁሉ ታምሞ፣ ደረቅ ሳል እየሳለ ይተኛል። ለብዙው ሰው በሳምንት ገደማ ያልፋል። ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሕፃናት፣ የልብ፣ የሳንባ ወይም የስኳር ሕመም ላለባቸው ግን ወደ ሳንባ ምች ሊዞር ይችላል፤ ይገድላልም።

ታዲያ በየዓመቱ የሚመላለሰው ኢንፍሉዌንዛ መቼ ነው ዓለምን የሚያዳርስ ወረርሽኝ የሚሆነው? ቫይረሱ በየዓመቱ ልብሱን በጥቂቱ ይቀይራል። ሰውነታችን ግን ከዚህ በፊት አይቶታልና በአረማመዱም ቢሆን ይለየዋል። ክትባቱ በየጊዜው የሚታደሰውም ለዚህ የልብስ ለውጥ ነው። አልፎ አልፎ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረሶች ዋነኛ መኖሪያ የዱር የውኃ ወፎች ናቸው። የወፍ፣ የአሳማና የሰው ቫይረሶች አንድ እንስሳ ውስጥ ሲገናኙ የዘር ቅንጣቶቻቸውን ሊቀያየሩ ይችላሉ፤ ከዚያ የሚወለደው ልብሱን የቀየረ የምናውቀው ሰው ሳይሆን ማንም አይቶት የማያውቅ እንግዳ ነው። ይህ እንግዳ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ መተላለፍ ከቻለ ወረርሽኝ ሆነ ማለት ነው። ሰውነቱ የተዘጋጀ ሰው እምብዛም ስለማይኖር ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል በአንድ ጊዜ ተጋላጭ ይሆናል።

አሁን ዓመታት እጠቅሳለሁ፤ እነሱም፣ በኋላ የምጠራቸው ወራትና ቀናትም፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ባለፈው መቶ ዓመት ገደማ እንዲህ ያለ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አራት ጊዜ መጥቷል፦ በ1918፣ በ1957፣ በ1968 እና በ2009። በመካከላቸው ያለውን ርቀት አስሉት። 39 ዓመት፣ ከዚያ 11 ዓመት፣ ከዚያ 41 ዓመት። ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቅም። «ገና ነው» የሚል ሰው በምን አስልቶ እንደሆነ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። የ1957ቱም የ1968ቱም እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሰው ገድለዋል። የ1918ቱ፣ በእኛ አፍ «የኅዳር በሽታ» የሚባለው፣ ከዓለም ሕዝብ ሲሶውን፣ ወደ 500 ሚሊዮን የሚሆነውን ሰው እንደያዘ ይገመታል፤ የሟቾቹ ግምት 50 ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ለእኛ ለአሠሪዎች የ1918ቱን ልዩ የሚያደርገው ግን የሟቾቹ ብዛት ብቻ አይደለም። ዕድሜያቸው ነው። ኢንፍሉዌንዛ ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃው ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ነው። ያኛው ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጎልማሶች በብዛት ገደለ። ማለትም ማሽን ፊት የሚቆመውን፣ መኪና የሚነዳውን፣ ሒሳብ የሚይዘውን ሰው። የ2009ኙም ቢሆን ቀለል ያለ ነበር እንጂ ከሽማግሌዎቹ ይልቅ ወጣቶቹን ነበር የሚመርጠው። «ሠራተኞቼ ወጣቶች ናቸው፣ ምንም አይሆኑም» የምትሉ ካላችሁ፣ ይህን አስቡበት።

ከ1918 ታሪክ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔን ከሟቾቹ ቁጥር በላይ ያስተማረኝ እሱ ነው። በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ የስልክ መሥመር ነበረ፣ ምሰሶው ነበረ፣ ማዕከሉ ነበረ። ሽቦ አልተበጠሰም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ስልክን ከስልክ በእጅ የሚያገናኙት ኦፕሬተሮች ነበሩ፤ እነሱ ታመሙ። ድርጅቱ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ሕዝቡን «እጅግ አስፈላጊ ካልሆነ በስተቀር እባካችሁ ስልክ አትደውሉ» ብሎ ለመነ። አስቡት፤ አንድ ድርጅት ደንበኞቹን «አትግዙኝ» ብሎ ሲለምን! ለምን? ወንበሮቹ ባዶ ሆኑበት።

እሺ፣ አሁን ወደ ነጥቦቼ። ሦስት ነጥብ ይዤ ነበር የመጣሁት፤ ትናንት ማታ ሳዘጋጅ አራተኛ ተጨመረ። ከአራቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ እቆያለሁ፣ በሦስተኛው ላይ እሮጣለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

አንደኛው ነጥብ፦ ማን ምን ያውቃል?

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ማተሚያ ቤት የምርት ኃላፊ ነበርኩ። የቤቱ ስም ይቅርብን። ለአሥራ አምስት ዓመት ደመወዝ የሠራች አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ነበረችን። ጎበዝ ናት፣ ቀርታ አታውቅም፤ እንግዲህ ችግሩም እሱ ነበር። አንድ ወር፣ ደመወዝ ሊከፈል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ኢንፍሉዌንዛ ያዛትና ተኛች። ወረርሽኝ አይደለም፣ የዘወትሩ ነው። ባንክ ክፍያ የሚላክበትን የይለፍ ቃል የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ሠንጠረዡን ኮምፒውተሯ ላይ ከፍተን አየነው። የትርፍ ሰዓቱ የትኛው ዓምድ ነው? የብድር ተቀናሹስ? ሦስት አለቆች አንድ ኮምፒውተር ከበን ቆመን እንደ ጥንታዊ ድንጋይ ጽሑፍ እንመረምረዋለን። በመጨረሻ ደወልኩላት። አዎ፣ የደወልኩት እኔ ነኝ። ትኩሳቷ 39 ደርሶ ነበር። በሳል መካከል ድምጿን እያነሳሳች «ስምንተኛውን ዓምድ አይንኩት፣ ጋሼ፤ ሁሉንም ያበላሽብዎታል» አለችኝ። ነክተነው ነበር።

ደመወዙ አራት ቀን ዘገየ። ሠራተኛው አጉረመረመ፣ አንዳንዱ የቤት ኪራይ አለፈበት። ይህ ሁሉ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ በመታመሟ ነው። አሁን በዚያ ቤት ከአሥሩ አራቱ በአንድ ሳምንት ቢቀሩ ኖሮስ?

ከአሥሩ አራቱ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። በ2000ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ለሥራ ድርጅቶች የወጡት የወረርሽኝ ዝግጅት መመሪያዎች፣ ከባድ ወረርሽኝ ቢመጣ በከፉት ሳምንታት እስከ 40 በመቶ የሚሆን ሠራተኛ ከሥራ ሊቀር ይችላል ብለው አቅዱ ይላሉ። አንድ ማዕበል በአንድ አካባቢ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊቆይ እንደሚችልም ይገምታሉ። ልብ በሉ፣ አርባው በመቶ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። አንዱ ራሱ ታሟል። አንዷ ልጇ ታሞባታል። ሌላው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹን የሚጠብቅለት አጥቷል። ሌላው መጓጓዣ የለውም። ሌላው ፈርቷል፤ መፍራቱ ደግሞ አይፈረድበትም። ስለዚህ «የእኛ ሰዎች ጤነኞች ናቸው» የሚለው ስሌት ግማሹን ምክንያት አይነካውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወረቀት ውሰዱ። ድርጅታችሁ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ በሦስት ክፍል ጻፉ፦ አንድ ቀን ቢቆም የሚጎዳን፣ ሁለት ሳምንት ቢቆም የሚጎዳን፣ ሁለት ወር ቢቆም የማንሞትበት። ይህን ስትጽፉ ትገረማላችሁ። እጅግ ክቡር የምንላቸው ብዙ ሥራዎች ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ይገባሉ። ሳምንታዊው ስብሰባ ለምሳሌ። በአንጻሩ ማንም የማያያቸው ሰዎች አንደኛው ውስጥ ይገባሉ፦ የግምጃ ቤቱ ሰው፣ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ሰው፣ ከደንበኛ ገንዘብ የሚሰበስበው ሰው። ከዚያ በአንደኛው ክፍል ካለው ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ሦስት ስም ጻፉ። የሚሠራው፣ እሱ ሲቀር የሚተካው፣ ሁለቱም ሲቀሩ የሚተካው። ለምን ሦስት? ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት የሚቀመጡ ከሆኑ አብረው ይታመማሉ።

ፊርማንም አትርሱ። ቼክ የሚፈርመው ሰው ማን ነው? ውክልና አለው? ውክልናው ዛሬ፣ ሰው ሁሉ ጤነኛ ሳለ፣ ካልተሠራ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሊሠራ ነው? የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ ካዝናውን ደግሞ ሁለት ሰው መክፈት ይችል።

«ሁሉንም በጽሑፍ አስቀምጡ» እላለሁ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። የሚጻፈውን ጻፉ፤ ደመወዝ አሠራር ይጻፋል። ነገር ግን የማይጻፍ እውቀት አለ። በዚያው ማተሚያ ቤት አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ የማሽን ሠራተኛ። ከጥቅልሉ ድምፅ ብቻ ቀለሙ መወፈሩን ይለያሉ። «ጋሼ፣ እንዴት አወቁ?» ስላቸው «ጆሮዬ ነገረኝ» ይላሉ። ጆሮ እንዴት ይጻፋል? አይጻፍም። ያደረግነው ነገር ቢኖር አንድ ወጣት በሳምንት አንድ ቀን አጠገባቸው እንዲቆም ነው። መጀመሪያ ተቆጡ፤ «ልታባርሩኝ ነው» አሉ። ይህን ንግግር ተዘጋጁበት፤ ሥራውን የሚያካፍል ሰው ሁሉ ቦታውን የሚነጥቁት ይመስለዋል። ጡረታ እስኪወጡ ቦታቸው የራሳቸው መሆኑን በጽሑፍ ሰጠናቸው። ወጣቱ ጆሮ እስኪያበቅል ስምንት ወር ፈጀ። ወረርሽኝ ስምንት ወር አይጠብቅም፤ ይህ ሥራ ሰላም ሳለ ካልተጀመረ አይጀመርም።

ዝግጅታችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ ደግሞ እጅግ ርካሽ መንገድ አለ። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሳይነገር፣ የአንድ ክፍል ኃላፊን «ለሦስት ቀን ቤትህ ተቀመጥ፣ ስልክህንም አጥፋ» በሉት። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ከራሳችሁ ብትጀምሩ ደግሞ የበለጠ ትማራላችሁ።

ሁለተኛው ነጥብ፦ ታሞ የሚመጣ ሠራተኛ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሌላ ቦታ፣ የማሸጊያ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ የሽልማት ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። በወሩ ውስጥ አንድም ቀን ያልቀረ ሠራተኛ ጉርሻ ያገኛል፣ ፎቶግራፉም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ኮርቼበት ነበር፤ ቀሪ በግማሽ ቀነሰ። አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ አምስት ወር በተከታታይ ፎቶው ተሰቅሏል። በስድስተኛው ወር ላብ እያጠመቀው፣ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። «ወደ ቤትህ ሂድ» ያለው የለም። እኔም አላልኩም። አየሁት እንጂ አላልኩም። በማሸጊያው ጠረጴዛ ዙሪያ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ በሳምንቱ ስድስቱ ተኙ። እኔ ለበሽታው ጉርሻ ስከፍል ነበር ማለት ነው!

ኢንፍሉዌንዛ ሲይዝ እስኪታወቅ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ቀን ይወስዳል። የተያዘው ሰው ደግሞ ምልክት ከማሳየቱ አንድ ቀን ገደማ ቀድሞ ማስተላለፍ ሊጀምር ይችላል፤ ከታመመም በኋላ ለ5 ወይም ለ7 ቀን ያህል ያስተላልፋል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በር ላይ የትኩሳት መለኪያ እንደ ሽጉጥ ግንባር ላይ መደገን ብቻውን አያድንም፤ የነገው በሽተኛ ዛሬ ትኩሳት የለውም። መለኪያውን አትግዙ አልልም፤ ዝግጅት ሁሉ በሩ ላይ ያለቀ አይምሰላችሁ ነው የምለው። ሁለተኛ፣ የታመመ ሰው ቤቱ መቅረት አለበት፣ የሚቀረው ደግሞ ደመወዙ ካልተቆረጠ ብቻ ነው። የቀን ሠራተኛ ሲሆን ደግሞ የበለጠ። ልጆቹን የሚያበላበትን የዚያን ዕለት ገንዘብ የከለከልከው ሰው፣ ሳሉን ዋጥ አድርጎ ይመጣል። አንተም ብትሆን ትመጣለህ።

ስለዚህ የሕመም ፈቃድ ደንባችሁን ዛሬ አውጥታችሁ አንብቡት። «የሐኪም ማስረጃ ያላመጣ ቀሪ ይጻፍበታል» ይላል? በወረርሽኝ ጊዜ ጤና ጣቢያው በጠና በታመሙ ሰዎች ተጨናንቋል። አንድ ወረቀት ለማምጣት ብሎ ታሞ የሚሰለፍ ሠራተኛ ራሱንም ይጎዳል፣ ወረፋውንም ያረዝማል፣ ያልታመመ ከሆነም እዚያ ይታመማል። ለወረርሽኙ ጊዜ ያ አንቀጽ ይነሣ። አንዳንዱ ይዋሻል? ይዋሻል። የዋሸው ሰው የሦስት ቀን ደመወዝ ይወስድባችኋል፤ ታሞ የመጣው ግን ስድስት ሰው ይወስድባችኋል። የትኛው ይረክሳል?

ሥራ ቦታ ለሚገኙት ደግሞ ነገሩ የታወቀ ነው፣ በፍጥነት ልለፈው። መስኮት ይከፈት፤ ቫይረሱ በተዘጋ ክፍል፣ በቅርብ በሚተነፍስና በሚያወራ ሰው መካከል ይመቸዋል። እጅ በሳሙና ለ20 ሴኮንድ ይታጠብ፤ ውኃ ከሌለ 60 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ያለው ማጽጃ ይኑር። ቫይረሱ ደረቅና ልሙጥ ነገር ላይ ለአንድና ለሁለት ቀን ሊቆይ ስለሚችል የበር እጀታ፣ ስልክ፣ ቁልፍ ሰሌዳ ይወልወል። ከቤት ሊሠራ የሚችለው ከቤት ይሥራ፤ ግን ዛሬ ሞክሩት፤ የሒሳቡ ፕሮግራም ከቤት የማይከፈት መሆኑን በወረርሽኙ በመጀመሪያው ቀን ማወቅ አትፈልጉም።

ፈረቃን ግን በደንብ አስቡበት። በ1918 ኒው ዮርክ ከተማ መሥሪያ ቤቶች፣ መደብሮችና ቲያትር ቤቶች የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ሰዓት አፈራርቃ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ በአንድ ሰዓት ባቡር ውስጥ እንዳይታጨቅ። ዛሬም ይሠራል። ከዚያ አልፋችሁ ሠራተኛውን በሁለት ቡድን ክፈሉት፤ ሁለቱ በአካል አይገናኙ፤ በፈረቃ ርክክብ ጊዜም ቢሆን። አንደኛው ቡድን ቢወድቅ ሁለተኛው አለ። አስቸጋሪው ነገር ወሬ ነው፤ ሰዎች ጓደኞቻቸውን ለማግኘት ቀድመው ይመጣሉ። ይህን በክልከላ አታሸንፉትም፤ ለምን እንደሆነ አስረዷቸው።

ስለ ክትባት አንድ ቃል። የዘወትሩን ክትባት ለሠራተኛችሁ ማስከተብ ጥሩ ነው፤ ለአዲሱ እንግዳ ግን አዲስ ክትባት ያስፈልጋል፣ እሱም ወራት ይፈጃል። በ2009 ቫይረሱ የተለየው በሚያዝያ ነው፤ ክትባቱ ለሰው መሰጠት የጀመረው መኸር ላይ ነው። የመጀመሪያውን ማዕበል ያለ ክትባት ነው የምትቀበሉት። ፀረ ቫይረስ መድኃኒቶችም አሉ፤ በሽታው በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰዱ ይበልጥ ይጠቅማሉ፤ ግን የሐኪም ጉዳይ ነው። «ካርቶን ገዝቼ ግምጃ ቤት አስቀምጫለሁ» ያለኝን ሥራ አስኪያጅ አላመሰገንኩትም።

ሦስተኛው ነጥብ፦ አቅራቢና ገንዘብ። እዚህ እሮጣለሁ ብያለሁ።

አቅራቢያችሁም ሰው ነው የሚያሠራው፤ የእሱም ወንበር ባዶ ይሆናል። ደውላችሁ «አንተስ ምን አዘጋጅተሃል?» በሉት። መልሱ ሳቅ ከሆነ ሌላ አቅራቢ ፈልጉ፤ ቢቻል ከሌላ አካባቢ፣ ማዕበሉ በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን አይደርስምና። ያለ እሱ ሥራ የሚቆምበትን ጥሬ ዕቃና መለዋወጫ ብቻ ለሁለት ወር ያህል አስቀምጡ፤ ሁሉንም ለማከማቸት አትሞክሩ፣ ገንዘባችሁ መደርደሪያ ላይ ይተኛል። ጭምብልና ሳሙና የሚገዛው ማንም ሳይፈልገው ነው፤ በ2020 ዓለም በሙሉ በአንድ ሳምንት ጭምብል ፍለጋ ሲወጣ የሆነውን አይታችኋል።

ውላችሁን አንብቡ። «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» የሚለው አንቀጽ ወረርሽኝን በስሙ ይጠራል ወይስ ጎርፍና ጦርነት ብሎ ያልፋል? የመድን ውላችሁንም አንብቡ። በ2020 ብዙ ባለድርጅቶች «ሥራ ስለ ተቋረጠብኝ ክፈሉኝ» ብለው ሄደው፣ «ሕንፃህ ተቃጥሏል?» ተብለው ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ውሎች በንብረት ላይ ጉዳት ሲደርስ የሚከፍሉ ነበሩና። በአንጻሩ የዊምብልደን የቴኒስ ውድድር አዘጋጆች ወረርሽኝን የሚሸፍን መድን ለዓመታት ሲከፍሉ ኖረው በዚያ ዓመት ውድድሩ ሲሰረዝ ካሣ አገኙ። ለዓመታት ግን ሞኞች ይመስሉ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ትናንት ማታ የጨመርኩት አራተኛው ነጥብ። መቼ ነው የሚጀመረው?

በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት «ወረርሽኝ ነው» ብሎ ያወጀው ሰኔ 11 ቀን ነው። በዚያ ቀን በሽታው 74 አገሮች ገብቶ ነበር። አዋጅ የሚጠብቅ ድርጅት እንግዲህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ነው። ማስታወቂያ የሚያወጡት ሰዎች አጥፍተዋል ማለቴ አይደለም፤ ማረጋገጥ አለባቸው፣ ማረጋገጥ ጊዜ ይፈልጋል። እናንተ ግን የራሳችሁን ምልክት አስቀድማችሁ ጻፉ። አዲስ ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ ሲሰማ ይህን እናደርጋለን። በአገር ውስጥ አንድ ሰው ሲገኝ ይህን። ከሠራተኞቻችን ከሃያው ሁለቱ በአንድ ቀን ሲቀሩ ይህን። ውሳኔው ዛሬ ከተጻፈ ያን ቀን የሚከራከር አይኖርም፤ ማንበብ ብቻ ነው።

ቀናት ምን ያህል እንደሚከብዱ ከፈለጋችሁ ወደ 1918 ልመልሳችሁ። ፊላደልፊያ በሽታው ከተማዋ ውስጥ እያለ መስከረም 28 ቀን ትልቅ ሰልፍ አደረገች፤ ወደ 200 ሺህ ሰው ወጣ። በቀናት ውስጥ ሆስፒታሎቿ ሞሉ። ሌላዋ የአሜሪካ ከተማ ሴንት ልዊስ ግን የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች በታዩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቱን፣ ቲያትሩን፣ ስብሰባውን ዘጋች፤ የሞቱ መጠን በከፋው ጊዜ እንኳ ከፊላደልፊያ እጅግ ያነሰ ነበር። ሴንት ልዊስም ግን በኅዳር ስታላላ በሽታው እንደገና አንሠራራ። የ1918ቱ በሦስት ማዕበል ነው የመጣው፣ ከሁሉ የከፋው ሁለተኛው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሲያልፍ ጭምብሉን አትጣሉ፣ ፈረቃውን አታፍርሱ። ያንን የእፎይታ ጊዜ የተበላሸውን ለማስተካከል ተጠቀሙበት።

አንድ ነገር ልናዘዝና ላብቃ። ከ2009 በኋላ ለአንድ ድርጅት የወረርሽኝ ዕቅድ ጻፍኩ። 64 ገጽ። የሚያምር ሽፋን፣ ሠንጠረዥ፣ ቀስት፣ ሣጥን። የዚያ ዓመት ወረርሽኝ ከተፈራው ቀለል ሲል «ይህ ሁሉ ለምን ነበር?» ተባለ፤ ዕቅዱም መደርደሪያ ላይ ወጣ። በ2020 ደወሉልኝና ፈልገን አወጣነው። ቫይረሱ ሌላ ነበር፣ ባዶው ወንበር ግን ያው ነው ብዬ በኩራት ገለጥኩት። የአስቸኳይ ጊዜ የስልክ ዝርዝር ላይ 22 ስም ነበር፤ 14ቱ ድርጅቱን ለቀዋል፣ አንዱ ሞተዋል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ እኔ አሥር ዓመት ወረቀቱን ይዤ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ገጽ በላይ ዕቅድ አልጽፍም፤ ያንንም በየስድስት ወሩ እየደወልኩ አጠራዋለሁ።

ከወንበራችሁ ሥር አንድ አንድ ወረቀት አለ፤ እባካችሁ አንሡት። ሦስት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፦ ሥራው፣ የሚሠራው፣ የሚተካው። ስክሪብቶ የሌለው እጁን ያውጣ፣ ልጆቹ ያድላሉ። ከዚህ ከመውጣታችሁ በፊት አምስት መስመር ሙሉ። እኔም የራሴን ይዤአለሁ፣ ከእናንተ ጋር እሞላለሁ። በመጀመሪያው መስመር «በድርጅቶች እየዞሩ ማሠልጠን» ብዬ ጽፌአለሁ፤ በሁለተኛው ዓምድ የእኔ ስም አለ። ሦስተኛው ዓምድ ያው እንደምታዩት ባዶ ነው።